ታይፎይድና ታይፈስ

የመጀመሪያው ብርድ ብርድ ያላቸው ሚሌ ላይ ነበር። ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ ጭነው፣ ጋላፊን አልፈው፣ ድንጋዩ ሳይቀር እሳት በሚተነፍስበት በዚያ በረሃ ሾፌሩ መስኮቱን ዘግተው ጋቢ ፈለጉ። ረዳቱ የሚቀልዱ መስሎት ሣቀ። «ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት ጋቢ?» አላቸው። እሳቸው ግን ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር። አዋሽ ሲደርሱ ላብ አጠመቃቸው። አዳማ ሲገቡ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ሰው ጭነታቸውን አስረከቡ፤ ሻይ ጠጡ፤ ወደ ቤታቸውም ሄዱ።

ሃያ ሰባት ዓመት በመሪ ላይ ለቆየ ሰው ትኩሳት እንግዳ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ ወባ ጎብኝቶት የማያውቅ ሾፌር ማግኘት ያስቸግራል። ባለቤታቸው ግን «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧቸው፤ ቅጠሉንም አሽተው ግንባራቸውን ቀቧቸው። ሌሊቱን እንደገና ሲንቀጠቀጡ አደሩና በማግስቱ ሠፈር ካለ ክሊኒክ ተሄደ። ጣታቸው ተወግቶ ወባ የለም ተባለ። ከክንዳቸው የተቀዳው ደም ግን ሌላ ነገር ተናገረ። «ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎት፣ አባቴ» አለቻቸው ወረቀቱን ያቀበለቻቸው ልጅ፣ ደግነት ባለው ድምፅ። ለአንዱ ሲፕሮ፣ ለሌላው ዶክሲሳይክሊን፣ ለሰባት ቀን ታዘዘላቸው።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። በሰባተኛው ቀን መኪናቸውን አስነሡ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ብርዱ ተመለሰ፤ አሁን አዳማ ውስጥ፣ በሌላ ክሊኒክ፣ በሌላ ወረቀት ላይ እነዚያው ሁለት ቃላት ተጻፉ። «በደንብ ስላልተዳነ አገርሽቶ ነው» ተባሉ። እንደገና ሲፕሮ፣ እንደገና ዶክሲሳይክሊን፣ እንደገና እፎይታ፤ ከዚያም እንደገና ብርድ። በአምስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ታመው አራት ጊዜ «ዳኑ»።

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ ከተሞች ለኖረ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ስንቱ ነው እነዚህን ሁለት ስሞች እንደ መንታ ልጆች አንድ ላይ ይዞ የወጣ? ነገሩን የሚያስገርመው ሁለቱ በሽታዎች ከስም በቀር የሚዛመዱበት ነገር አለመኖሩ ነው። ታይፎይድ በተበከለ ውኃና ምግብ ወደ አንጀት የሚገባ ባክቴሪያ የሚያመጣው ሕመም ነው። ወረርሽኝ ሆኖ የሚታወቀው ታይፈስ ደግሞ በቅማል ይተላለፋል፤ ሻርል ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1909 ቱኒስ ውስጥ ይህን አሳይቶ በ1928 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ስማቸው የተመሳሰለው የጥንት ሐኪሞች ሊለዩአቸው ስላልቻሉ ብቻ ነው። ሥሩ ጢስ ወይም ጭጋግ ማለት የሆነ የግሪክ ቃል ሲሆን፣ በትኩሳት የደነዘዘን አእምሮ ለመግለጽ ያገለግል ነበር፤ ታይፎይድ ማለትም «ታይፈስ መሰል» ማለት ነው። ዊልያም ገርሃርድ በፊላዴልፊያ በ1837፣ ዊልያም ጄነር ደግሞ በ1840ዎቹ መጨረሻ ለንደን ላይ የሟቾችን አንጀት ከፍተው እያነጻጸሩ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን አስረዱ። በአማርኛም ቢሆን ተስቦ የሚለው የቀድሞ ቃል ብዙ ዓይነት ትኩሳት በአንድ ጋቢ ሥር ያስተኛ ነበር። እነሆ ፊላዴልፊያና ለንደን ላይ ከተለያዩ መቶ ሰባ ዓመት በላይ ካለፋቸው በኋላ፣ ሁለቱ በሽታዎች በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ እንደገና ተጋብተዋል። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መታመሙ እጅግ ብርቅ መሆን ሲገባው የዘወትር ነገር ሆኗል።

ጋብቻውን የፈጸሙት ሁለት አሮጌ ምርመራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ፈረንሳዊው ፌርናን ዊዳል በ1896 ያስተዋወቀው ነው። የታማሚው የደም ውኃ ከታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር ይቀላቀላል፤ ሰውነቱ ያንን ባክቴሪያ የሚያውቀው ከሆነ ድብልቁ እንደ እርጎ ይጓጉላል። ለዘመኑ ድንቅ ነገር ነበር። ችግሩ ደም የሚያስታውሰው የዛሬን ጠላት ብቻ አለመሆኑ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተነካካውን፣ በክትባት የተዋወቀውን፣ መልኩ የሚቀርበውን ሌላ ባክቴሪያ ሁሉ ያስታውሳል። ስለዚህ በሽታው በተለመደበት አገር ጤነኛም ሰው ደሙ ይጓጉላል። ምርመራው በትክክል ይሠራ ቢባል እንኳ ደሙ ከአሥር ቀን ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ተቀድቶ መጠኑ ምን ያህል እንደ ጨመረ መታየት ነበረበት። በትኩሳት እየነደደ የመጣን ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ የሚል ክሊኒክ የት ይገኛል?

ሁለተኛው የባሰ ነው። ኤድሙንድ ዌይልና አርተር ፌሊክስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1916፣ የታይፈስ ታማሚዎች ደም ፕሮቲየስ የተባለን ፈጽሞ ሌላ ባክቴሪያ እንደሚያጓጉል አስተዋሉ። እውነተኛው የታይፈስ ተዋህሲ ከሕያው ሕዋስ ውጭ ስለማይራባ በቀላሉ አርብቶ ለምርመራ ማዋል አይቻልም፤ ስለዚህ ፕሮቲየስ ምትክ ሆኖ ቆመ። ወንጀለኛን መልኩ በሚቀርበው በሌላ ሰው ፎቶግራፍ እንደ መፈለግ ማለት ነው። ይህን ድክመት ከማንም በላይ የተጠቀሙበት ሁለት የፖላንድ ሐኪሞች፣ ኤውጌኒዩሽ ላዞቭስኪና ስታኒስዋፍ ማቱሌቪች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሮዝቫዱፍ አካባቢ ለሚኖሩ ገበሬዎች የሞተ ፕሮቲየስ በመርፌ ሰጡ። የሰዎቹ ደም በጀርመን ላቦራቶሪ ሲመረመር ታይፈስ አለ አለ፤ ወራሪው ጦርም ወረርሽኝ ፈርቶ ከአካባቢው ራቀ። ምን ያህል ሰው እንደ ዳነበት ዛሬም ያከራክራል። አንድም ታማሚ ሳይኖር ምርመራው ወረርሽኝ ማየቱ ግን አያከራክርም።

በአዲስ አበባ 270 ትኩሳት የያዛቸው ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2014 የታተመ ጥናት ነገሩን በቁጥር አስቀምጦታል። በዊዳል ምርመራ ታይፎይድ አለባቸው የተባሉት 88 ነበሩ። ደማቸው በካልቸር ሲመረመር፣ ማለትም ተዋህሲው ራሱ በቅሎ እስኪታይ ሲጠበቅ፣ ከ270ዎቹ የተገኘባቸው 7 ብቻ ሆኑ። ዊዳል ካመለከታቸው 88 ሰዎች ካልቸሩ ያረጋገጠው የአምስቱን ብቻ ነበር። ለካልቸርም ቢሆን ጥብቅና መቆም አይቻልም፤ ከአሥር የታይፎይድ ታማሚዎች ወደ ስድስት ያህሉን ብቻ ነው የሚይዘው፤ አስቀድሞ ፀረ ባክቴሪያ የወሰደ ሰው ከሆነ ደግሞ ያነሰ። ይህንን ሁሉ ለካልቸር ጉድለት ትተን እንኳ ቁጥሩን በእጥፍ ብናሳድገው፣ «ታይፎይድ አለብህ» ከተባሉት መካከል አብዛኞቹ በሌላ ነገር ታመው እንደነበር ይቀራል። በምን?

ለክሊኒኮቹም ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። ዊዳል ርካሽ ነው፤ ፈጣን ነው፤ መብራትና ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ታማሚውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ገንዘብ ከፍሎ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ደም ሰጥቶ «ምክንያቱን አላወቅንም» ከተባለ ክሊኒኩን ሰድቦ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ስም ያስፈልገዋል። ስም የሌለው ሕመም ከስም ካለው ይበልጥ ያስፈራልና፣ ሁለት ስም የሰጠው ባለሙያ ከአንድም የሌለው ይልቅ አዋቂ ይመስላል። ሾፌሩ ራሳቸው በሁለተኛው ሕመማቸው ጊዜ የአንድ ጤና ጣቢያ ባለሙያ «ይህን ምርመራ ባናደርገው ይሻላል» ብሏቸው ተቆጥተው ወጥተዋል። «ምርመራ ከሌላቸው ለምን ይከፍታሉ?» ብለው ለረዳታቸው አማረሩ። ያ ሰው ከአራቱ ባለሙያዎች መካከል ልክ የነበረው እሱ ብቻ መሆኑን ያወቁት ኋላ ነው።

«በምን ታመው?» ለሚለው ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች መካከል በዚህ የአፍሪካ ክፍል እጅግ የሚያስተምረው ከኪሊማንጃሮ ግርጌ የመጣው ነው። ከመስከረም 2007 እስከ ነሐሴ 2008 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በታንዛንያዋ ሞሺ ከተማ በሁለት ሆስፒታሎች የተኙ 870 ትኩሳት የያዛቸው ሕፃናትና አዋቂዎች ተመረመሩ፤ ውጤቱም በ2013 ታተመ። ሐኪሞቹ ወባ ነው ያሏቸው 528 ነበሩ። በእርግጥ ወባ የሆነው ግን የ14ቱ ብቻ ነበር። ምርመራው ከተሟላላቸው መካከል ደግሞ ከአራቱ አንዱ በላይ፣ በቁጥር 118 ሰዎች፣ የታመሙት ከእንስሳት ወደ ሰው በሚተላለፉ ባክቴሪያዎች ነበር፤ 40ው ሌፕቶስፓይሮሲስ፣ 24ቱ ኪው ፊቨር፣ 16ቱ ብሩሴሎሲስ፣ ሌሎቹ በመዥገርና በመሰሎቹ የሚመጡ የሪኬትሲያ ሕመሞች። ሌሎች 55 ሰዎች ቺኩንጉንያ ነበረባቸው።

የዚያ ጥናት እውነተኛ ዱብ ዕዳ ግን ከቁጥሮቹ ቀጥሎ በመጣች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ከእነዚያ ታማሚዎች መካከል ሲተኙ በመዝገባቸው ላይ ከእንስሳት የሚተላለፍ ባክቴሪያ ወይም ቺኩንጉንያን የመሰለ ቫይረስ ይሆናል ተብሎ በጥርጣሬ እንኳ የተጻፈለት አንድም ሰው አልነበረም። ተጠርጥሮ የተሳሳተ አልነበረም፤ ያሰበው ሰው አልነበረም። በዚህ ላይ የትኛውም መሣሪያ አይረዳም፤ ላቦራቶሪ ያልተጠየቀውን አይመልስም።

መሣሪያው ራሱ የሚታለልበትም ጊዜ አለ። በኤርትራ ጊንዳዕና ምጽዋ ሆስፒታሎች በ2016 የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ አንዳንድ የወባ ተዋህስያን ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረ መል ጥለውታል። በጊንዳዕ ከ26 ታማሚዎች በ21ዱ ተዋህሲው እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ምርመራው ንጹሕ ነህ ይላል፤ ወባው ግን በደም ውስጥ አለ። ኤርትራ መመርመሪያዋን ለመለወጥ ተገደደች። በኢትዮጵያም በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት ከፋልሲፓረም ወባ ታማሚዎች መካከል 9.7 በመቶ የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት በፈጣኑ ምርመራ ሊታለፉ እንደሚችሉ ገመተ። በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙ ሲታሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በዚያ ላይ ፈጣኑ ምርመራ ሲመጣ ማይክሮስኮፑ አቧራ መልበስ ጀመረ። ማይክሮስኮፕ ደግሞ ያልተጠየቀውን ከሚመልሱት ጥቂት መሣሪያዎች አንዱ ነበር። በ2015 በሊቢያ አቋርጠው አውሮፓ በገቡ የኤርትራና የሶማልያ ወጣት ስደተኞች ላይ በኔዘርላንድስ፣ በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በሌሎችም አገሮች አንድ ግራ የሚያጋባ ትኩሳት ታየ። በቅማል የሚተላለፈው ተመላላሽ ትኩሳት ነበር፤ ይነሣል፣ ይለቃል፣ ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። የዚያ አህጉር ሐኪሞች በመጽሐፍ ካልሆነ አያውቁትም። የአዲስ አበባ አንድ አሮጌ የላቦራቶሪ ባለሙያ ግን የደሙን ፊልም በማይክሮስኮፕ ቢያየው፣ እንደ ተጠመዘዘ ክር የሚመስለውን ተዋህሲ በደቂቃዎች ውስጥ በስሙ ይጠራው ነበር። ወባ ሲፈልግ እሱን ማግኘት ልማዱ ነውና።

ሾፌሩ በስድስተኛው ወር መኪናው ላይ መውጣት አቃታቸው። ወገባቸውን ይዟቸው ነበር። መጀመሪያ የሾፌር ወገብ ነው ተባለ፤ የትኛው ሾፌር ወገቡን የማይታመም አለ? ሌሊት ግን ላባቸው አንሶላውን ያርሰዋል፤ ክብደታቸው ቀነሰ፤ ጉንጫቸው ጎደጎደ። ሠፈሩ በሹክሹክታ የራሱን ምርመራ ጨርሶ ነበር። የኤች አይ ቪ ምርመራቸው ነጻ መሆኑን ባለቤታቸው ለጎረቤት ሁሉ መናገር አይችሉ። ባለ መኪናው ጨዋ ሰው ስለነበር ሁለት ወር ጠበቀ፤ ከዚያ መኪናውን ለሌላ ሾፌር ሰጠ። ረዳቱም ከአዲሱ ሾፌር ጋር መንገዱን ቀጠለ። ባለቤታቸው ጠበል ሊወስዷቸው ተነሡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ግን ከትምህርቷ ቀርታ መጣች፤ አራቱን ወረቀቶች በአንድ ፌስታል ሰብስባም አባቷን ወደ አንድ ሪፈራል ሆስፒታል ወሰደች።

በኤምአርአይ በታችኛው የአከርካሪ ክፍል ሁለት አጥንቶች ተበልተው ታዩ። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ምስል ሲታይ፣ የሌሊት ላብና ክሳት ሲጨመርበት፣ የማንም ሐኪም ሐሳብ መጀመሪያ የሚያርፈው በአከርካሪ ቲቢ ላይ ነው። አብዛኛውንም ጊዜ ልክ ነው። መዝገቡ ላይም እንዲሁ ተጻፈ። በመርፌ ከአጥንቱ የተወሰደው ናሙና በጂን ኤክስፐርት ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መጨረሻ የደገፈው ይህ መሣሪያ ቀድሞ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን መልስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ቲቢ አላገኘም። ይሁን እንጂ በአጥንት ቲቢ ተዋህሲው ጥቂት ስለሆነ «አላገኘሁም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። የቲቢ መድኃኒት ይጀመር የሚል ሐሳብ ቀረበ።

መዝገቡን የተረከበችው ወጣት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት በዚያን ዕለት ያደረገችው ነገር ምንም መሣሪያ የማይፈልግ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከፌስታሉ አራቱን ወረቀቶች አውጥታ በቀን ቅደም ተከተል አልጋው ላይ ደረደረቻቸው። ያየችው በሽታውን ሳይሆን መድኃኒቱን ነበር፤ ዶክሲሳይክሊን ሲጀመር ትኩሳቱ ይሸሻል፣ ሲቆም በሁለት በሦስት ሳምንት ይመለሳል። አራት ጊዜ። ቲቢ ከዶክሲሳይክሊን ጋር እንዲህ አይጫወትም።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምን ነበር?»

«ሾፌር ነኝ፣ ልጄ። የጅቡቲ መንገድ።»

«መንገድ ላይ ምን ይበላሉ? ምን ይጠጣሉ?»

«ያገኘሁትን። ሆዴ በረሃ ላይ ሥጋ አይወድም፤ ወተት ነው የምጠጣው። የፍየልም የግመልም። እዚያ መንገድ ዳር ሴቶቹ በጀሪካን ይዘው ይቆማሉ።»

«ፈልቶ ነው?»

ሾፌሩ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቁ። «ወተት ይፈላል እንዴ?»

ብሩሴሎሲስ ይሆናል ብላ ስትጽፍ ሐኪሟ እርግጠኛ አልነበረችም፤ አለመሆኗንም ለእሳቸውና ለልጃቸው ነገረቻቸው። ይህ በሽታ ስለ ጥርጣሬ ብዙ የሚያውቅ በሽታ ነው። ዴቪድ ብሩስ በ1887 ማልታ ደሴት ላይ ከሞቱ የእንግሊዝ ወታደሮች ተዋህሲውን ለየ፤ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ግን ወደ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1905 ማልታዊው ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ጤነኛ በሚመስሉ ፍየሎች ደም ውስጥ አገኘው። በዚያ ሁሉ ዘመን ወታደሮቹ እየታመሙ ወተቱን ይጠጡ ነበር። በከብት ላይ ጽንስ ያስወርዳል፤ በሰው ላይ ደግሞ ትኩሳቱ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል፣ መገጣጠሚያና አከርካሪ ውስጥ ይገባል፣ ከቲቢም ከታይፎይድም ከወባም ጋር ይመሳሰላል። ካልቸሩ ቀስ ብሎ ነው የሚበቅለው፤ ለላቦራቶሪው ሠራተኛም አደገኛ ስለሆነ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሾፌሩ ካልቸር ምንም አላበቀለም። የአራት ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ ከጠጣ ደም ሌላ አይጠበቅም ነበር። ሮዝ ቤንጋል የተባለው፣ ሮዝ ቀለም ያለው ጠብታ ካርድ ላይ ከደም ውኃ ጋር የሚደባለቅበት ርካሽ ምርመራ ግን በአራት ደቂቃ ውስጥ ተጓጎለ፤ ለማረጋገጫ የተላከውም ከፍተኛ መጠን አሳየ።

እዚህ ላይ ናይሮቢ የሚኖር አንባቢ ፈገግ ሊል ይችላል። በኬንያ «ብሩሴላ አለብህ» መባል እንደ ኢትዮጵያው ታይፎይድና ታይፈስ የተለመደ ነውና። በምዕራብ ኬንያ ጤና ተቋማት የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናት፣ በዚያ ይሠራበት የነበረው ፈጣን የብሩሴላ ምርመራ በሽታ አለባቸው ካላቸው ሰዎች መካከል እጅግ የሚበዙት በተሻለ ምርመራ ሲታዩ እንዳልነበረባቸው አሳይቷል። እንግዲህ አንዱ አገር የማያስበውን በሽታ ሌላው አገር ከልክ በላይ ያስበዋል። ስለዚህ የሐኪሟን ውሳኔ ትክክል ያደረገው የተጓጎለው ጠብታ ብቻ አልነበረም፤ ያው መጓጎል ነው አራት ጊዜ ሾፌሩን ያሳሳታቸው። ልዩነቱ ጠብታው የመጣው ከጥያቄው በኋላ መሆኑ ነው። ወተቱ፣ መንገዱ፣ የአጥንቱ ምስል፣ የወረቀቶቹ ቅደም ተከተል ተደምረው ጥርጣሬው ከፍ ካለ በኋላ የመጣ መልስ፣ ለማንኛውም ትኩሳት ለያዘው ሰው ከሚሰጥ ተመሳሳይ መልስ ጋር ክብደቱ አንድ አይደለም።

ከዚያ የመጣው የመድኃኒት ምርጫ ነበር፤ የባለሙያ ብስለት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ብሩሴሎሲስ ብዙ ጊዜ በዶክሲሳይክሊንና በሪፋምፒሲን፣ ወይም በዶክሲሳይክሊንና በስትሬፕቶማይሲን ይታከማል። ሁለቱም ተጨማሪዎች ግን የቲቢ መድኃኒቶች ናቸው። ሕመሙ ቲቢ ቢሆንና ሪፋምፒሲን ያለ ጓደኞቹ ቢሰጥ፣ ቲቢው መድኃኒቱን መልመድ ይማራል። ታማሚው ቢሻለውም ከየትኛው እንደ ዳነ አይታወቅም። የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ ቢሆን ኖሮም ሪፋምፒሲኑ ብሩሴላውን ጭምር እየመታ ሰውየውን ለጊዜው ያቀና ነበር፤ የአምስተኛው ወረቀት ስሕተትም እንደ አራቱ እውነት መስሎ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ ሐኪሟ ዶክሲሳይክሊን ለሦስት ወር፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ጄንታማይሲን በመርፌ መረጠች፤ ኩላሊታቸውንና ጆሯቸውን እየተከታተለች። ሁለቱም ቲቢን አያድኑም። ከተሻላቸው መዳናቸው ራሱ መልስ ይሆናል፤ ካልተሻላቸው ጊዜ ሳይባክን ወደ ሌላው ይዞራል። እስከዚያ ድረስ መድኃኒት ሕመሙን ሲሸፍን ነበር፤ አሁን ግን መጠየቂያ ሆነ።

ልጅየው ይህንን ስትሰማ ያነሣችው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። «ዶክተር፣ ይኸው ዶክሲሳይክሊን አይደል እንዴ አራት ጊዜ የወሰደው?» አለች። ነው። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጃቸው ነበር። የጎደለው ስሙና ቀኑ ነው፤ ሰባት ቀን በዘጠና ቀን ፋንታ።

ስለ ወተቱ መናገር ከባድ ነው። በመንገድ ዳር ጀሪካን ይዘው የሚቆሙት ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያበሉት በዚያ ነው። ከኬንያዋ ኢሲዮሎ በየማለዳው ተጭኖ ናይሮቢ ኢስሊ ድረስ የሚሄደውም የግመል ወተት የብዙ ሴቶች ኑሮ ነው። በአርብቶ አደሩ ዘንድ ወተትን ማፍላት ጣዕሙንም ኃይሉንም መግደል ሲሆን፣ ለእንግዳ የፈላ ወተት ማቅረብ ቅር የሚያሰኝ ነው። «አትጠጡ» ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ለፍየሎቹ ክትባት ማድረስ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ የሰው ሐኪምና የእንስሳት ሐኪም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥንም ይጠይቃል።

በስድስተኛው ሳምንት ሾፌሩ ያለ ምርኩዝ ወደ ክትትል መጡ። ላቡ ቆሟል፤ ክብደት ጨምረዋል፤ ወገባቸው ግን ጠዋት ጠዋት ገና ይይዛቸዋል። ወደ ከባድ መኪና መመለሳቸው እንጃ ነው። ሐኪሟ መዝገቡን ከሞላች በኋላ ብዕሯን ሳታስቀምጥ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ያንን ወተት ከእርስዎ ጋር ማን ይጠጣ ነበር?»

ሾፌሩ ዝም አሉ። በአንድ ጣሳ ነበር የሚጠጡት፤ እሳቸው ከፉት ሲሉለት ረዳቱ ይጨርሰዋል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ እያሳለው፣ እየበረደው እንደሆነ፣ ድሬዳዋ ላይ ተመርምሮ መድኃኒት እንደ ሰጡት ነግሯቸው ነበር። ምን ነው አሉህ ሲሉት፣ «ያው የእርስዎ ነው ጋሼ፤ ሁለቱም አለብህ አሉኝ» ብሎ ስቆ ነበር።

ከሐኪሟ ክፍል ሳይወጡ ስልካቸውን አወጡ። ጠሪው ሊደርስ አልቻለም። ልጃቸው ሰዓቷን አየችና አሁን ሚሌን አልፎ ይሆናል አለች፤ ከሚሌ እስከ ጋላፊ ባለው በረሃ ኔትወርክ የሚያዝበት ቦታ ጥቂት ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆመው እንደገና ደወሉ።